መናፈሻችን በቆርቆሮ ታጠረ፤ ሰልፍ ብንወጣ ሕጉ ምን ይላል?

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ጎንደር ነው። ሰፈራችን ያለውን የሕዝብ መናፈሻ አንድ ቀን ጠዋት ዙሪያውን በቆርቆሮ ታጥሮ አገኘነው። በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ ‹እድሳት ነው› ይላል። ቀበሌ ሄደን ስንጠይቅ ‹ከላይ ነው› ተባልን። የተለጠፈ ማስታወቂያ የለም። ቦታው ተማሪዎች የሚያነቡበት፣ አዛውንቶች አረፍ የሚሉበት፣ ጀበና ቡና የሚሸጡ እናቶች እንጀራቸውን የሚያገኙበት ነው። እኛ የሰፈሩ ወጣቶች ሰልፍ ልንወጣ እያሰብን ነው። ፈቃድ ያስፈልገናል? ቢከለክሉንስ? ሌላ መንገድስ አለ?»

ምላሽ፦ አጭሩን ላስቀድም። በሰላም መሰለፍ መብታችሁ ነው። ሕጉ ቀድማችሁ እንድታሳውቁ እንጂ ፈቃድ እንድትለምኑ አይጠይቅም። እንዲያም ሆኖ፣ በከተማ መሬትና በአስተዳደር ጉዳዮች ላይ የምሠራ የሕግ ባለሙያ እንደመሆኔ፣ ሰልፉን ከመጥራታችሁ በፊት አንድ ሥራ እንድትሠሩ አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ይህን አጥር ማን እንደወሰነ፣ ለምን እንደወሰነና እስከ መቼ እንደሚቆይ በጽሑፍ ጠይቁ።

ከላካችሁት ጽሑፍ በጣም ያሳሰበኝ «ከላይ ነው» የሚለው መልስ ነው። ከላይ ማለት ማን ነው? ክፍለ ከተማው? ማዘጋጃ ቤቱ? የከንቲባ ጽሕፈት ቤቱ? ወይስ ቦታውን በሊዝ አግኝቻለሁ የሚል ባለሀብት? ይህ ሳይታወቅ የሚወጣ ሰልፍ አድራሻ እንደሌለው ደብዳቤ ነው። ሁሉም «እኔን አይመለከትም» ብሎ ያሳልፈዋል። ሰዉ ይጮሃል፣ ይደክማል፣ ይበተናል። ቆርቆሮው ባለበት ይቀራል።

እድሳት ተብሎ የሚዘጋ ቦታ መጨረሻው አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ በእውነት ይታደሳል። መቀመጫውም መብራቱም ይስተካከልና ለሕዝቡ ይመለሳል። እንዲህ ከሆነ እሰየው ነው። አንዳንዱ ደግሞ ያምርና በሩ ላይ ትኬት ቆራጭ ይቀመጥበታል፤ ውስጡ ካፌ ይከፈታል፣ ያላዘዘ ሰው አይቀመጥም። ሌላው ጭራሽ መናፈሻ መሆኑ ይቀርና ሕንፃ ይበቅልበታል። ከውጭ ሲታዩ ሁሉም አንድ ዓይነት ቆርቆሮ ናቸው። አሁን የኮሪደር ልማቱ ጎንደርም ገብቷል። ብዙ ቦታ በአንድ ጊዜ ይቆፈራል፣ ይታጠራል። የትኛው ሊከፈት እንደታጠረ፣ የትኛው ሊቀር እንደታጠረ በዓይን አይለይም። ሰነዱን ማየት የግድ ነው፤ በሕግ የምትጠይቁት ነገርም በዚያው ልክ ይለያያል።

ጎንደርን ለማያውቅ አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ። ይህች ከተማ ዛፍ አላጣችም። ዛፎቿ ግን አብዛኞቹ ከግንብ ጀርባ ናቸው። ፋሲል ግቢ 900 ሜትር ያህል በሚረዝም ግንብ የተከበበ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የተመዘገበ የዓለም ቅርስ ስለሆነ የሚገባበት በትኬት ነው፣ መሆንም አለበት። የፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ ያሉት፣ ሥራቸው ግንቡን ጨምድዶ የያዘው ግዙፍ ዛፎችም ለጥምቀት ሕዝቡን ሁሉ ያስጠልላሉ። ከበዓሉ ውጭ ግን እነሱም በጥበቃ ሥር ናቸው። የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጽድ ለዓይን ያሳሳል። ግን የጸሎት ቦታ ነው፤ እዚያ ሆኖ ለማትሪክ አይጠናም፣ ጀበና አይጣድም። እነዚህ ግንቦች ባይኖሩ ዛፎቹም ዛሬ ባልተገኙ ነበር። በዚህ ማንም አይከራከርም። ጥያቄው ሌላ ነው። ሳይከፍሉ፣ ሳያዝዙ፣ የሚጠይቅም ሳይኖር ጥላ ሥር ቁጭ የሚባልበት ቦታ ስንት ቀረን? አንዲት ክፍል ውስጥ ከነወንድሞቹ የሚኖር ተማሪ የት ሄዶ ያንብብ? በዚህ ዓይን ስናየው የአንዲት ሰፈር መናፈሻ መዘጋት ትንሽ ጉዳይ አይደለም። እናንተም እንደ ትንሽ ጉዳይ ስላላያችሁት ደስ ብሎኛል።

በፕላንም ደረጃ ብንሄድ የአገራችን የከተማ ፕላን አሠራር 30፣ 30፣ 40 የሚባል መርህ አለው። ከከተማው መሬት 30 በመቶው ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴና ለጋራ መጠቀሚያ፣ 40 በመቶው ለግንባታ ይሁን ማለት ነው። ስለዚህ ከተሞች በመዋቅራዊ ፕላናቸው ላይ አረንጓዴ ቦታ ብለው የሚከልሉት መሬት አለ። ወደ ከተማው የፕላን ክፍል ሂዱና የእናንተ መናፈሻ በካርታው ላይ ምን ተብሎ እንደተመለከተ ጠይቁ። አረንጓዴ ተብሎ ከሰፈረ፣ ቦታውን ለሌላ አገልግሎት የፈለገ አካል መጀመሪያ ፕላኑ የተለወጠበትን ውሳኔ ማሳየት ይኖርበታል። በቃል «ተለውጧል» ቢባል አይበቃም።

ሕጉም ከጎናችሁ የሚቆምበት ቦታ አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከቁጥር 1444 ጀምሮ ለሕዝብ አገልግሎት ስለተመደበ የመንግሥት ንብረት ይደነግጋል። እንዲህ ያለው ንብረት ከሕዝብ አገልግሎት ውጭ መሆኑ ካልተገለጸ በስተቀር ለሌላ ሊተላለፍ እንደማይችል ቁጥር 1454 ያስቀምጣል። በሕገ መንግሥቱ ደግሞ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል። አንቀጽ 43 ሕዝቡ አካባቢውን በሚነኩ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳቡን እንዲጠየቅ መብት ይሰጠዋል። አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን ያውቃል። እነዚህን ቁጥሮች ደብዳቤያችሁ ላይ ጥቀሷቸው። ብዙ ማብራሪያ አያስፈልግም። ቁጥሩን የሚያውቅ ባለጉዳይ ፊት «ከላይ ነው» ብሎ ማሰናበት ይከብዳል።

ደብዳቤው እንዴት ይጻፍ? አንድ ገጽ ይብቃው። ስድብ አይኑርበት፣ ግምትም አይኑርበት። «ቦታውን ለእገሌ ሸጣችሁት» የሚል ዓረፍተ ነገር፣ ማስረጃ ካልያዛችሁ በቀር፣ ጥያቄያችሁን ወደ ስም ማጥፋት ክርክር ይለውጥባችኋል። ይልቅ መናፈሻው የታጠረበትን ቀን ጻፉ፤ ከዚያ ማን ወሰነ፣ ለምን፣ እስከ መቼ የሚሉትን ሦስት ጥያቄዎች። የውሳኔውን ቅጂ፣ የሥራውን ዲዛይንና የማጠናቀቂያ ቀን እንዲሰጧችሁ ጠይቁ። የመረጃ ነጻነት ድንጋጌዎችን የያዘው አዋጅ ቁጥር 590/2000 ዜጋ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ መልስ መስጫውንም 30 ቀን አድርጎታል። ይህን አዋጅ ስትጠቅሱ ደብዳቤው ከተራ አቤቱታ ይወጣና ቀን የሚቆጠርበት ጥያቄ ይሆናል።

ደብዳቤውን ለጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ ትታችሁ አትውጡ። መዝገብ ቤት አስገቡት። የገቢ ቁጥርና ቀን ይጻፍበት፣ የእናንተ ቅጂ ላይ ማኅተም ይረፍበት። ግልባጭ ለከተማው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ጽሕፈት ቤትና ለቅሬታ ሰሚው አድርጉ። ጥቃቅን ነገር ይመስላል። ግን ብዙ ትክክለኛ አቤቱታ ሜዳ ላይ የሚቀረው እዚች ላይ ነው፤ ሰዉ ሄዶ ተናግሯል፣ ተቆጥቷል፣ ለምኗል፣ በእጁ ግን ሄዶ እንደነበር የሚያሳይ ወረቀት የለውም።

ደብዳቤው የነዋሪዎች ፊርማ ይኑርበት፤ ማሰባሰቡ ላይ ትንሽ ልቆይ። ወጣቶች ስለሆናችሁ የመጀመሪያ ሐሳባችሁ ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ከፍቶ ሰው መሰብሰብ ሊሆን ይችላል። ለመቀጣጠሪያ ጥሩ ነው። የጉዳዩ ጉልበት ያለው ግን ቦታውን በየቀኑ የሚጠቀሙት ሰዎች ዘንድ ነው። ጀበና ቡና የሚሸጡትን እናቶች ቁጭ ብላችሁ አነጋግሩ፤ ቃላቸውንም መዝግባችሁ ያዙ። ከታጠረ ወዲህ የት እየሠሩ ነው? ገቢያቸው ምን ሆነ? በሰርግ ሰሞን ሙሽሮችን እዚያ የሚያነሱ ፎቶግራፈሮች ካሉ እነሱንም ጠይቁ። ከሰዓት በኋላ ዱላቸውን ይዘው ወጥተው የሚቀመጡትን አባቶች አትርሱ። የእድር ዳኛውን፣ ሽማግሌዎቹን፣ በአቅራቢያችሁ ያለውን የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ አስተዳደር ቀድማችሁ አነጋግሩ። በጎንደር ሽማግሌ ያልሰማው ጉዳይ ቢሮ ሲገባ «የልጆች ነገር» ይባላል። እድሩ በቃለ ጉባኤ ደግፎት የገባ ደብዳቤ ግን እንዲያ አይባልም። አቀባበሉ ሁሉ ይለያል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። የፊርማውን ዝርዝር፣ የሰዎቹን ስም፣ ስልክና የመታወቂያ ቁጥር ፎቶ አንስታችሁ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አትልቀቁ። ዝርዝሩ ለመሥሪያ ቤቱ ነው የሚገባው። የፈረመው ሰው ነገ ምን እንደሚገጥመው እናንተ አታውቁም። አምኗችሁ ነው የፈረመው።

አሁን ወደ ሰልፉ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 30 ማንም ሰው መሣሪያ ሳይዝ በሰላም የመሰብሰብ፣ ሰላማዊ ሰልፍ የማድረግና አቤቱታ የማቅረብ መብት አለው ይላል። አፈጻጸሙን የሚገልጸው የሰላማዊ ሰልፍ አዋጅ ቁጥር 3/1983 ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት ሰልፉ ከመደረጉ ከ48 ሰዓት በፊት ለከተማው አስተዳደር በጽሑፍ ታሳውቃላችሁ። ጽሑፉ ላይ የሰልፉ ዓላማ፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ መነሻና መድረሻው፣ የምትሄዱበት መንገድ፣ የአዘጋጆቹ ስም፣ አድራሻና ፊርማ ይኖራል። አስተዳደሩ በጊዜው ወይም በቦታው ላይ ተቃውሞ ካለው ምክንያቱን ዘርዝሮ በ12 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ ሊያሳውቃችሁ ይገባል። ሌላ ቀን ወይም ሌላ ቦታ ይሁን ሊል ይችላል። በማንኛውም ጊዜና በማንኛውም ቦታ ጨርሶ አይደረግም ሊል ግን አይችልም።

በተግባር ነገሩ እንደ ወረቀቱ አይደለም። ማሳወቅ የሚለው እንደ ፈቃድ ሲታይ ኖሯል፤ «አልተፈቀደም» ተብሎ የቀረ ሰልፍ ብዙ ነው። «ቢከለክሉንስ?» ላላችሁት መልሴ ይህ ነው፦ ክልከላውን በጽሑፍ ጠይቁ። በጽሑፍ ከሰጧችሁ ለቅሬታና ለፍርድ ቤት ማስረጃ ይሆናችኋል። በቃል ብቻ ከከለከሏችሁ ያስገባችሁትን የማሳወቂያ ቅጂ ይዛችሁ፣ የተነገራችሁን ከነቀኑ ጽፋችሁ ለዚያው መሥሪያ ቤት መልሳችሁ አስገቡ። ተከልክላችሁ ሳለ ሰው ይዛችሁ ውጡ ብዬ አልመክራችሁም።

መንገዱን ስትመርጡ ደግሞ ጎንደር ላይ ልዩ ችግር ይገጥማችኋል። አዋጁ ከቤተ ክርስቲያን፣ ከመስጊድ፣ ከሆስፒታልና ከመሳሰሉት ቦታዎች በ100 ሜትር ርቀት ውስጥ ሰልፍን ይከለክላል። ከመከላከያና ከጸጥታ ተቋማት ደግሞ ርቀቱ 500 ሜትር ነው። የገበያ ቦታም በገበያ ቀን አይሆንም። የአርባ አራቱ ታቦት አገር ውስጥ 100 ሜትሩን ጠብቆ የሚሄድ መንገድ ማግኘት ቀላል አይደለም። ከፒያሳ ተነስታችሁ ወዴትም ብትሄዱ አንድ ደብር አጠገብ ታልፋላችሁ። ስለዚህ ከቦታ ቦታ የሚንቀሳቀስ ሰልፍ ከምታስቡ፣ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ አቤቱታ ማንበብን አስቡ። አንድ ቦታ መፈለግ ይቀላል። ሰውንም መቆጣጠር ይቻላል፤ ማን እንደመጣ፣ ማን ሌላ መፈክር ይዞ እንደገባ ታያላችሁ።

ስለ ጊዜው ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በአማራ ክልል ሐምሌ 28 ቀን 2015 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ 10 ወር ያህል ቆይቶ ጊዜው አልቋል። የሰዉ ፍርሃትና የጸጥታ ኃይሉ ጥርጣሬ ግን አዋጁ ባለቀበት ቀን አብሮ አላለቀም። ጎንደር ሐምሌ 24 ቀን 2008 ያን ግዙፍ የፖለቲካ ተቃውሞ ሰልፍ ያየች ከተማ ናት። ሰልፍ የሚለው ቃል ሲነሳ ባለሥልጣኑም ነዋሪውም የሚያስበው ያንን ነው እንጂ ስለ አግዳሚ ወንበርና ስለ ዛፍ ጥላ አይደለም። ይህን አውቃችሁ ግቡ። ጥያቄያችሁ የመናፈሻ ጥያቄ ሆኖ ይቆይ። ማንም መጥቶ ሌላ አጀንዳ ሊጭንበት ቢሞክር በጨዋ ደንብ «ይሄ የመናፈሻ ጉዳይ ነው» በሉት። ወጣት ልጆችን አደጋ ላይ የሚጥል ሰልፍ ከማየት፣ 300 ፊርማ ያለበት ደብዳቤ መዝገብ ቤት ሲገባ ማየት እመርጣለሁ። ይህን ስል ከፍርሃት አይደለም። በሌሎች ከተሞች መናፈሻ ያዳነው ምን እንደሆነ ስለማውቅ ነው።

ናይሮቢን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1989 የኬንያ ገዢ ፓርቲ ኡሁሩ ፓርክ ውስጥ ባለ 60 ፎቅ ሕንፃ ሊሠራ ተነሳ። ፓርኩ መሐል ከተማ ያለ፣ ድሃው ሕዝብ እሑድ እሑድ ልጆቹን ይዞ የሚመጣበት ቦታ ነው። ኬንያዊቷ የአካባቢ ጥበቃ ተሟጋች ዋንጋሪ ማታይ ወሬውን ስትሰማ የጀመረችው በደብዳቤ ነበር። ለከተማው አስተዳደር፣ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ለተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች፣ ለውጭ ኤምባሲዎች ጻፈች። ፓርላማ ውስጥ ተሳለቁባት፣ ሰደቧት። ፍርድ ቤት ሄደች። ፍርድ ቤቱ ለመክሰስ የሚያበቃ የግል ጥቅም የላትም ብሎ መዝገቡን ዘጋው። እሷ ግን መጻፏን አላቆመችም። የገንዘብ ምንጭ የነበሩት የውጭ ወገኖች ጥያቄው ሲበዛባቸው ሸሹ፤ ፕሮጀክቱም ቀረ። ፓርኩ ዛሬም አለ። እሷም እ.ኤ.አ. በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበለች። ያን ፓርክ ያተረፈው «ገንዘቡ የማን ነው? ማን ፈቀደ?» የሚል ጥያቄ፣ ለትክክለኛው ሰው፣ ደጋግሞ መላኩ ነው።

እዚህ ላይ የእኛ ሕግ ለእናንተ የሚሻልበት ነጥብ አለ። የማታይ ክስ የወደቀበትን ምክንያት ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 37 በከፊል ዘግቶታል። ማኅበር የአባላቱን ጥቅም ወክሎ፣ ወይም ተመሳሳይ ጥቅም ያላቸውን ሰዎች የሚወክል ግለሰብ ወይም የቡድን አባል ፍትሕ መጠየቅ ይችላል። ፍርድ ቤቶቻችን ይህን አንቀጽ ሁልጊዜ በሰፊው አይተረጉሙትም። ቢሆንም በር ነው። ከመናፈሻው መዘጋት ጋር ገቢዋ የተቋረጠ ጀበና ሻጭ ከከሳሾቹ አንዷ ከሆነች ደግሞ «ምን አገባሽ?» ሊላት የሚችል ዳኛ የለም። የእናቶቹን ቃል መዝግባችሁ ያዙ ያልኩት ለዚህም ጭምር ነው።

የኢስታንቡሉ ጌዚ ፓርክ ሌላ መንገድ ሄደ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2013 መጨረሻ ላይ ወደ 50 የሚሆኑ ሰዎች ዛፍ እንዳይቆረጥ ድንኳን ተክለው ተቀመጡ። ፖሊስ ንጋት ላይ ድንኳናቸውን አቃጠለ። ከዚያ በኋላ ነገሩ የመናፈሻ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ አገር አቀፍ አመፅ ሆነ። ሰዎች ሞቱ፣ አንዳንዶችም ዓይናቸውን አጡ፤ ከዓመታት በኋላም በዚያ ጉዳይ የዕድሜ ልክ እስራት የተፈረደበት ሰው አለ። ፓርኩ ተርፏል። የግንባታ ዕቅዱን የሰረዘው ግን በዚያው ወቅት ሲታይ የነበረ የአስተዳደር ፍርድ ቤት መዝገብ ነው። ይህ መዝገብ ባይኖር ሰልፉ ብቻውን ፓርኩን ያድነው ነበር? ለእኔ አይመስለኝም። ሰልፉ ባይኖር ፍርድ ቤቱ ይደፍር ነበር ወይ ቢባልም አጠራጣሪ ነው።

ለጎንደር በጣም የሚቀርበው ግን የሩሲያዋ የካተሪንበርግ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 እዚያ መሐል ከተማ ባለ አደባባይ ላይ ካቴድራል ሊሠራ ታጠረ። ነዋሪው ወጣ። ብዙዎቹ ተቃዋሚዎች ቤተ ክርስቲያን አንቃወምም፣ ቦታው ይቀየር ነው የምንለው ይሉ ነበር። በኋላ በተደረገ የሕዝብ አስተያየት ጥናት 74 በመቶው ቦታው ተገቢ አይደለም አለ፤ ግንባታውም ወደ ሌላ ቦታ ዞረ። እንደ ጎንደር ባለች የእምነት ከተማ ውስጥ የመሬት ጥያቄ በቀላሉ የሃይማኖት ጥያቄ ሊመስል ይችላል። የእናንተ መናፈሻ ከዚህ ጋር የሚያገናኘው ነገር ላይኖር ይችላል። ቢኖር ግን ሽማግሌና የሃይማኖት አባት ሳይዙ አንድ እርምጃ አትራመዱ።

ደብዳቤው ከገባ በኋላ ዝም ብላችሁ 30 ቀን አትቁጠሩ። የምክር ቤት ተመራጫችሁን አግኙትና ጉዳዩን በጉባኤ እንዲያነሳው ጠይቁት። ቆርቆሮው ላይ የሥራው ስም፣ ተቋራጩ፣ የተጀመረበትና የሚያልቅበት ቀን ያለበት ታፔላ እንዲሰቀል አመልክቱ። ሥራው እውነተኛ እድሳት ከሆነ በግማሽ በግማሽ እንዲከናወን ሐሳብ አቅርቡ፤ አንዱ ወገን ሲሠራ ሌላው ክፍት ይሁን። ለጀበና ሻጮቹ ሥራው እስኪያልቅ የሚቀመጡበት ቦታ በአቅራቢያው እንዲሰጣቸው ጠይቁ። እነዚህ ትንንሽ ጥያቄዎች ለመሥሪያ ቤቱም ለመመለስ ቀላል ናቸው። እሺታም ከትንሽ ነው የሚጀምረው። በ30 ቀን ውስጥ መልስ ካልመጣ ወይም የመጣው መልስ ሽፍንፍን ከሆነ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ጋ አመልክቱ። ለክልላችን ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው። ማኅተም ያለበትን ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ።

መልሱ «ቦታው በሊዝ ተሰጥቷል» ከሆነ ግን ጊዜ አታጥፉ፤ በቀጥታ ጠበቃ ያዙ። ቁፋሮ ተጀምሮ መሠረት ከወጣ በኋላ ፍርድ ቤት ትክክል ናችሁ ቢላችሁ እንኳ የተቆረጠውን ዛፍ የሚመልስ የለም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው። የእግድ አቤቱታ ቀድሞ መግባት አለበት። አቅም ከሌላችሁ ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ክፍሎች የሚሰጡትን ነጻ የሕግ ድጋፍ ጠይቁ።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚረሳው። መናፈሻው አምሮ ታድሶ፣ ሪቫን ተቆርጦ፣ በሩ ላይ የመግቢያ ዋጋ ተለጥፎ ብታገኙት ያኔ መከራከር ከባድ ነው። «ይሄ ሁሉ ወጪ ወጥቶበት» ትባላላችሁ፤ ሰዉም በውበቱ ይደነቅና ዝም ይላል። ስለዚህ ዛሬ በምታስገቡት ደብዳቤ መጨረሻ ላይ ይህን መስመር ጨምሩ፦ «መናፈሻው ከእድሳት በኋላ እንደ ቀድሞው ያለ ክፍያ ለሕዝብ ክፍት የሚሆን ስለመሆኑ በጽሑፍ እንዲገለጽልን እንጠይቃለን።»